ጠባቂው

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የከተማይቱ ብቸኛ ሲኒማ ቤት ሠዓሊ መሰላሉን ከግድግዳው አስደግፎ የሳምንቱን ማስታወቂያ ሊጀምር ነበር፤ ከሕዝቡ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ስለ ነበረ፣ የሚታየው ፊልም ምን ዓይነት እንደ ሆነ የሚናገረው ይኸው ግድግዳ ነበር። ቀይ ጀርባ፣ ዘመም ብሎ የተጻፈ ፊደልና ጠመንጃ ከሆነ ተኩስ ነው፤ ቢጫው፣ ፊደሉም እንደ ሰካራም የሚንገዳገደው ሳቅ ነው፤ ሮዝ ሆኖ ሁለት ፊት የተቀራረበበት ፍቅር ነው፤ ሰፊ ሰማያዊ ባዶ ውስጥ አንድ ትንሽ ሰው ለብቻው ከቆመ ግን መሐረብ ይዞ መምጣት ነው። ሠዓሊው ራሱ ፊልሞቹን አስቀድሞ አያይም፤ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሚደርሰው የፊልሙ ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ብቻ ነበር።

ማንም ያላዘዘውን አንድ ነገር ግን በየሥዕሉ ላይ ይጨምራል፤ ከታች በቀኝ በኩል፣ የበራች ትንሽ ፋኖስ። አንድ ልጁ ዘምቶ «የደረሰበት ያልታወቀ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ልጁ የሚያውቀው ቤት በቦምብ ነድዷል፤ የልጁ እናትም በዚያው ቀን ዐርፋለች፤ የአሁኑን የኪራይ ክፍል አድራሻ ጽፎ ወደ የት ይላክለት? ያቺን ፋኖስ ግን ልጁ ያውቃታል፤ ጨለማ በሚፈራበት ዕድሜው አባቱ ከአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ሥሎለት ነበር። እንግዲህ ሠዓሊው ከዚህ ግድግዳ ከተነሣ፣ ልጁ ቢመለስ እንኳ አባቱን የሚያገኝበት መንገድ የለም።

የዚያን ዕለት ብጣሽ ወረቀት አንዲት ቃል ብቻ ነበረችበት፤ «ጠባቂው» ትላለች። ሠዓሊው አነበባት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ ደጁን ሲያይ ለኖረ፣ ማንም የማይቀመጥበትን ሁለተኛ ወንበር በየጠዋቱ ለሚወለውል ሰው፣ ጠባቂ ሲባል ሌላ ምን ይታየዋል? ግድግዳውን ሰማያዊ ቀባው፤ ከታች ጀርባውን የሰጠ ሽማግሌ፣ ከፊቱም ገርበብ ያለ በር ሣለ፤ ፊደሎቹን አሳንሶና አራርቆ ጻፈ፤ ፋኖሷን በቦታዋ አበራት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ፤ አብዛኞቹ ጥቁር የለበሱ እናቶችና ሚስቶች ነበሩ። ፊልሙ ሲጀምር «ጠባቂው» የባንክ ዘበኛ ሆኖ ዐረፈው፤ ገና ከመነሻው ሦስት ወንበዴ ጣለ። ተኩስ ይበቃናል ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሡ ወጡ።

ሥራ አስኪያጁ ጡረታ የወጣ ሻምበል ነበረና ሠዓሊውን ቢሮው አስጠርቶ እንዲቀመጥ እንኳ ሳይጋብዘው ጠየቀው።

«ዘበኛ በሰማያዊ የሚሣለው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ወረቀቱ ጠባቂው ነው የሚለው፣ ክቡር ሻምበል።»

«ታዲያ ጠባቂ ምን ማለት ሊሆን ነው?»

«የሚጠብቅ።»

ሻምበሉ ለቁጣ የከፈተውን አፉን መልሶ ዘጋ፤ ቃሉን በራሱ እጅ የጻፈው እርሱ ነበር።

«እርስዎ ማንን ነው የሚጠብቁት?» ሲል ጠየቀ።

«ልጄን።»

ሻምበሉ በመስኮቱ ቁልቁል ተመለከተ። የወጡት ሴቶች ወደየቤታቸው አልሄዱም፤ ከሥዕሉ ፊት ቆመው ያለቅሳሉ።

«በሉ ነገ ጠዋት በቀይ ይሸፍኑት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከወር በኋላ የታተመ ማስታወቂያ ከውጭ ይመጣል። ያን ጊዜ ለእርስዎ ሥራ የለኝም፤ ትእዛዙ ከበላይ ነው።»

«በሚመጣው ማስታወቂያ ላይ ፋኖሷን እንድሥል ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«የቷን ፋኖስ?»

ሻምበሉ ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሲገባ ሲወጣ አላያትም ነበር፤ ታዲያ መንገደኛ ልጅ እንዴት ያያታል? ሠዓሊው ብቻውን መሆኑ የዚያን ቀን ታወቀው።

«ትንሽ ናት» አለ።

«ይሣሏት እንግዲህ። ማንንም አትጎዳም።»

ሠዓሊው ሰማያዊውን በቀይ ሸፈነው። ከወር በኋላም የታተመው ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር አንድ ብሩሽና አንድ ጣሳ ቢጫ ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ፋኖሷን አብርቶ፣ ጥቂት ቆሞ መንገደኛውን አይቶ ይመለሳል። እስኪሞት ድረስ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አደረገ፤ ልጁም አልመጣም።

ስለዚያ ዘመን የተጻፈው የከተማይቱ ታሪክ ለሲኒማ ቤቱ አንድ አንቀጽ ሰጥቶታል፤ የተከፈተበትን ቀን፣ የወንበሩን ብዛት፣ የሻምበሉን ስምና ማዕረግ አንድ ሳያስቀር ይዘረዝራል፤ ሠዓሊ ስለ መኖሩ አያነሣም። በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ፣ የሲኒማ ቤቱ የንግድ ምልክት የበራች ፋኖስ እንደ ነበረች ይናገራል።