«አንሳው» ያለው ማንን ነው?

ሟቹ ሰውዬ በጥሩ ኮት ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ፊቱ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ ከጎሚስታው ሱቅ ደጃፍ ተጋድሟል። መዳፎቹ በኖራ ነጥተዋል። ከጎኑ አንድ አሮጌ ቤት መኪና አቀበቱ ላይ አንጋጦ ቆሟል፤ የተገነጠለ የጭስ ማውጫ ማርሚታው ከሆዱ ሥር ተንጠልጥሏል።

«እዚህ ድረስ መልፋት አልነበረብሽም፤ ነገሩ አልቋል» አላት ቀድሞ የደረሰው ትራፊክ ፖሊስ። «አማቹ አምኗል።»

«ያመነ ሰው ያስፈራኛል» አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ሌላው በሰፌድ የሚያሳልፈውን ነገር እሷ ደግማ ትነፋዋለች፤ ሃምሳ ዓመት ሞልቷትም ይህ አመሏ አልለቀቃትም። ትንሽ ያኮራታልም።

የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ሟቹ ሠላሳ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው። ሚስቱን፣ ሴት ልጁን፣ ወንድ ልጁንና የሴት ልጁን ባል ጭኖ ለሦስት ቀን ወደ ሐይቅ ዳር እየወሰዳቸው ነበር። አቀበቱ መሐል ላይ ማርሚታው ተገንጥሎ አስፋልቱን ይፍቀው ጀመር። ጎሚስታው «ልይልህ» ቢለው ሽማግሌው «መኪናዬን ጎሚስታ አይነካትም» ብሎ አሳፈረው። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ በሱቁ ዙሪያ ከተደረደሩት፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ኖራ ከተቀቡት ድንጋዮች አንዱን በገዛ እጁ ተሸክሞ ከጎማው ኋላ አስደገፈና፣ መኪናዋን በአማቹ እጅ በክሪክ አስነስቶ ከሥሯ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ድንጋዩን አንድ ሰው አነሳው፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከክሪኩ ላይ ወደቀች።

አማቹ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። እስከ አንጓው ድረስ በክሪኩ ግራሶ ጠቁሯል።

«ድንጋዩን እኔ ነኝ ያነሳሁት» አላት ሳትጠይቀው።

«ለምን?»

«ከሥር ሆኖ ‹አንሳው› አለ። አነሳሁት።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በሁለቱም። ከባድ ነው።»

«ያ ኮት የማን ነው?»

«የእኔ። መሬቱ ጠጠር ነበር፤ ጀርባውን እንዳይወጋው አነጠፍኩለት።»

«ስታነጥፍለት ሲያይ ምን አለህ?»

«ምንም አላለም። ዐየኝና ገባ።»

ወንፊት ወደ መንገዱ ዳር ቦይ ወርዳ የተጣለውን ድንጋይ ዐየችው፤ ገለበጠችው። የጎማው ጥርስ ካረፈበት በቀር ዙሪያውን ነጭ ነው። ወደ ሱቁ ተመለሰች።

ሴት ልጅየው በዚያ ሰዓት የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ አቀበቱን ወጥታ ስለነበር ያየችው ነገር የለም። ዐይኗ አብጧል።

«ባሌ አባቴን አልገደለም» አለች።

«አባትሽ ‹አንሳው› ብሎኛል ነው የሚለው።»

«ማን? አባቴ? ባሌን?» ልትስቅ ነው ልታለቅስ ሳታውቀው አፏን ያዘች። «አባቴ ባሌን ‹አንተ› ብሎት አያውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ‹ይቀመጡ›፣ ‹ይብሉ›፣ ‹ደህና ዋሉ?›»

«ሰው አክባሪ ነበር በይኛ።»

«የት አውቆበት! ጎረቤቱን፣ የድሮ አለቃውን ሳይቀር ‹አንተ› ነው የሚለው። አንቱታው ለባሌ ብቻ ነው። መርፌ ይዞ የሚውል ወንድ ለልጄ አይሆንም ብሎ፣ እንዳይቀርበው በአንቱታ አጥር አጠረበት።» አንገቷን ደፋች። «ጉዞውን ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን አንድ ላይ ከዋሉ ይላመዳሉ ብዬ። ባልለምነው ኖሮ ቤቱ ነበር።»

እናትየው በሱቁ ጥላ ሥር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወንፊት ከጎናቸው ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። መኪናዋ ስትወድቅ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ልጄም ከእኔ ጋር ነበር። ውሃ ሊያመጣልኝ ሄዶ ነበር።»

«ከእርስዎ ጋር ነበር ወይስ ሄዶ ነበር?»

«ሄዶ… መጥቶ።»

«ስለ ልጅዎ እኮ ገና አልጠየቅኩዎትም።»

አሮጊቷ ከንፈራቸውን ነክሰው ወዲያ ዞሩ። ወንድ ልጅየው፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ጎረምሳ፣ ከበስተኋላቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጥቁር ካናቴራ ለብሷል፤ ከአንገቱ ሥር የልብሱ ምልክት ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። እጆቹ በዚያ ሁሉ አቧራና ግራሶ መሐል ንጹሕ ናቸው።

ጎሚስታው ከቆለለው ጎማ ኋላ ሆኖ የተበሳ ካላማዳሪያ ሲለጥፍ ነበር። ጆሮ እንጂ ዐይን አልነበረውም።

«ሁለት ጊዜ ተጣራ» አላት። «መጀመሪያ ቀስ ብሎ ‹አንሳው› አለ። ትንሽ ቆየና፣ ጮክ ብሎ፣ ‹አንሳው እንጂ፣ ልጄ!› አለ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ። የመኪናዋን ማለቴ ነው።» ካላማዳሪያውን አስቀመጠ። «ቢያሳፍረኝም ባያሳፍረኝም ዝም ብዬ ክሪኩን መያዝ ነበረብኝ። አኩርፌ እኮ ነው የገባሁት።»

ቀዳዳ የሚፈተሽበት የውሃ ገንዳ አጠገባቸው ነበር። ወንፊት አጎንብሳ ዐየችው።

«ይህ ውሃ ሁልጊዜ እንዲህ ወተት ይመስላል?»

«ኧረ! ጠዋት ነው የቀየርኩት። ጎማ ያጠቁረዋል እንጂ እንዴት ያነጣዋል?»

አመሻሹ ሳይደርስ ሁሉንም ጎማዎቹ መሐል ሰበሰበቻቸው። እናትየው ወንበር አገኙ፤ ሌላው ባገኘው ላይ ተቀመጠ። ልጅየው ብቻ አልተቀመጠም።

«ድንጋዩን ያነሳ ሰው እጁ ላይ ኖራ ይቀራል፤ እጁ ላይ ያለውም ነገር ድንጋዩ ላይ ይቀራል» ብላ ጀመረች። «ልብስ ሰፊው እጁ ጥላሸት ነው። ድንጋዩ ላይ ግን አንድም ጥቁር የእጅ ምልክት የለም። ስለዚህ ያንን ድንጋይ አልነካውም። ዋሽቶኛል።»

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። «እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ!»

«ቆይ። አንድ ሰው ኖራ የነካ እጁን ገንዳው ውስጥ ታጥቧል። ሟቹ አይደለም፤ እጁ እንደነጣ ነው። እህትየው ከአቀበቱ ጫፍ ነበረች። እማማ ያለ ምርኩዝ አይቆሙም፤ ያንን ቋጥኝ አይሸከሙም። ጎሚስታው ገንዳው የራሱ ነው፤ የታጠበበት እሱ ቢሆን ኖሮ ደፍቶት ሌላ ይቀዳ ነበር። ከባድ ድንጋይ ደግሞ ሆድ ላይ ተደግፎ ነው የሚነሳው።» ወደ ልጅየው ዞረች። «ካናቴራህን ገልብጠህ የለበስከው ጠዋት ነው?»

«አይደለም» አለች እህቱ ቀስ ብላ። «ጠዋት ደህና ነበር።»

ልጅየው የካናቴራውን ጫፍ ገለጠ። በውስጥ በኩል፣ ሆዱ ላይ፣ እንደ ዱቄት የነጣ ሰፊ ምልክት አለ።

«‹ልጄ› አለ» አለ፤ እንባው ወረደ። «ልጁ እኔ ነኝ። ጨርሶ ልንሄድ መስሎኝ ነው። ‹አንሳው እንጂ› ሲል ተቆጣ ብዬ… ተጣድፌ… እማዬ ዐየችኝ። ከዚያ እሱ ‹እኔ ነኝ› አለ፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«ዝም ያስባልኩት እኔ ነኝ» አሉ እናትየው። ልብስ ሰፊውን ቀና ብለው ማየት አቃታቸው። «ወንድ ልጄ አንድ ነው። የሰው ልጅ ታስሮ የእኔ ቢቀር ብዬ… እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

«ባልዎንም ልጅዎንም በአንድ ቀን እንዳያጡ ብዬ ነው፣ እማማ» አለ ልብስ ሰፊው። «ደግሞም ክሪኩ አጠገብ ነበርኩ። ቆሜ ነበር። አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ።»

ለመዝገቡ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ አልቋል። ማን እንዳነሳ ታውቋል፣ ሆን ብሎ እንዳልሆነም ታውቋል፤ የቀረው የዳኛ ሥራ ነው። ወንፊት እዚህ ላይ ብታቆም ማንም አይጠይቃትም ነበር። ግን የጀመረችውን ነገር ሳትጨርስ መተው ሞቷ ነው።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች። «ሠላሳ ዓመት የነዳ ሹፌር ከመኪና ሥር ተኝቶ ድንጋይ አንሱ አይልም፤ ያበደ ካልሆነ። አንሳው ያለው ክሪኩን ነው፤ መኪናዋን ከፍ አድርጋት፣ ጠቦኛል ማለቱ ነው። ያንን የሚለው ደግሞ የክሪኩን እጀታ ለያዘ ሰው ነው።»

የክሪኩን እጀታ ማን ይዞ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሴት ልጅየው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እኔን አይደለም» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔን ‹ያንሱት› ነው የሚለኝ። ‹አንሳው› ሲል ለእኔ አልመሰለኝም፤ ስለዚህ አልነካሁትም። ሁለተኛ ‹ልጄ› ሲል ጭራሽ እጄን ሰበሰብኩ።»

«ኮትህን ካነጠፍክለት በኋላ ነው የተናገረው» አለች ወንፊት። «ከዚያ በፊት አንቱ ነበርክ።»

በመንገዱ አንድ የጭነት መኪና አቀበቱን እያቃሰተ አለፈ፤ እስኪርቅ ጠበቁት።

«አራት ዓመት ነው የጠበቅኩት» አለ ልብስ ሰፊው በመጨረሻ። የጠቆሩ እጆቹን ያያቸዋል። «ሁለቴ ጠራኝ። አቤት አላልኩትም።»

ወንፊት «አንተን ላይሆንም ይችላል» ልትለው አፏን ከፈተች። ነገር ግን አንድ በአንድ ዘርዝራ ያስረዳችው ራሷ ናት፤ አሁን ብትክድ የሚያምናት አልነበረም።