የቀኝ ትከሻ

ኢንስፔክተር ሊሻን ላንቴ ከተባለው ቦታ ስትደርስ አንድ የቤት መኪና ሙዝ ጭኖ በቆመ አይሱዙ ጀርባ ውስጥ ገብቷል። መምህር ዘርአብሩክ መሪው ላይ ተደፍቶ ሞቷል። አብረውት የነበሩት ሚስቱ ሰብለ፣ ታናሽ ወንድሙ ኢሳያስና ጓደኛቸው ካሌብ ተርፈው ሆስፒታል ተወስደዋል።

ሟቹ ረጅም ነው፤ የሾፌሩ መቀመጫ ግን ወደ ፊት ተስቦ ጉልበቱ ከመሪው ሥር ተጣብቋል። ከጎኑ ያለው ባዶ ወንበር በደም ርሷል፤ ከመሪው ሥርም ደም ፈሷል።

ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«ማን ነበር የሚነዳው?»

«ባሌ ነው መሰለኝ» አለች ሰብለ። ፊቷ አብጧል። «ከኋላ ተኝቼ ነበር። ስነቃ መሪው ላይ አየሁት።»

ጉልበቱ የተሰበረው ካሌብም ከኋላ ተኝቶ ነበር።

«እኔም ከኋላ ነበርኩ» አለ ቁመቱ አጠር ያለው ኢሳያስ፣ ግራ ክንዱን በቀኙ ደግፎ።

«ከወንድምህ ጎንስ?»

«ማንም አልነበረም።»

ከቀብሩ ማግስት ሊሻን ሲቀላ ሰፈር ወዳለው የለቅሶ ድንኳን መጥታ ሦስቱንና የሟቹን እናት ወይዘሮ አገኘሽን ለብቻ ሰበሰበቻቸው።

«መኪናው ከኋላ ቀበቶ የለውም» አለች። «ሰብለና ካሌብ የተጎዱት ከፊታቸው ካለው ወንበር ጋር ተጋጭተው ነው። ቀበቶ ያሰረ ሰው ግን ደረቱ ላይ ሰንበር ይወጣበታል። የሾፌር ቀበቶ በግራ ትከሻ ይወርዳል፣ ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ደግሞ በቀኝ። የዘርአብሩክ ሰንበር የሚጀምረው ከቀኝ ትከሻው ነው።»

«ታዲያ ማን ነዳ?» አለች ሰብለ።

«ኢሳያስ፣ ሸሚዝህን ክፈት።»

ኢሳያስ አልተንቀሳቀሰም። እናቱ እጁን ያዙት።

«ተይው ልጄ» አሉ ሊሻንን። «ነግሮኛል። ጠጥቶ ነበር፤ መንጃ ፈቃድም የለው። የሞተው አይታሰር። አንዱን እንኳ ተይልኝ።»

«እናቴ፣ ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት» አለች ሊሻን ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከጎኑ ወንበር ሌላ ከመሪው ሥርም ደም ፈሷል። ልቡ የቆመ ሰው እንዲያ አይደማም። ዘርአብሩክ ወደ መሪው ሲጎተት በሕይወት ነበር። አንገቱ ተሰብሯል፤ ባይነካ ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር ብለውኛል ሐኪሙ።»

ሰብለ ወደ ኢሳያስ ዞረች። «የሞተ መስሎህ ነው፣ አይደል? አዎ በለኝ።»



«‹ተው፣ አትንካኝ› ብሎኝ ነበር» አለ ኢሳያስ መሬት መሬቱን እያየ። «ሰው ሳይደርስ ብዬ...»

ወይዘሮ አገኘሽ የያዙትን እጅ ለቀቁ። ፖሊሶች ሲወስዱትም ቀና ብለው አላዩትም።