አርባ አንድ ማሳ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የተጓዘ ሰው፣ አማኑኤል ከመድረሱ በፊት ወደ ቀኝ ታጥፎ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግሩ ቢሄድ ወይራ ማርያም የምትባል አጥቢያ ያገኝ ነበር፤ ከበስተሰሜን የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል፤ ከታች ሰብሉ ተሰብስቦ የተራቆተው ማሳ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ይዘረጋል። ጥር ፲፫ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ጧት፣ የዚህች አጥቢያ መምህር ቢተው አድማሴ በትምህርት ቤቱ ደጅ ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሦስት ጊዜ መታ፤ ማንም አልመጣም።

ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና መታ። ከበዓሉ በፊት ሰባ ሦስት ተማሪዎች ነበሩት። ውርጩ ከሣሩ ላይ እስኪለቅ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ፤ ከወንዙ ማዶ አንዲት ሴት እንስራዋን አዝላ ስታልፍ አይቶ እጁን አነሣላት፤ እርሷ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ ገብቶ የዕለቱን ቀን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ ለማን እንደሚጽፈው ራሱም አያውቅም ነበር።

ቢተው የጉንደ ወይን ተወላጅ ነው፤ በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ፣ ደብረ ማርቆስ ዘመናዊ ትምህርት ተምሮ፣ በመንግሥት ወጪ ወደ ቤይሩት ተልኮ ሦስት ዓመት ቆይቶ ተመልሷል። ሲመለስ አዲስ አበባ ላይ ወንበር ሊሰጡት ነበር፤ እምቢ ብሎ ገጠር መረጠ፤ ለምን እንደ መረጠ ሲጠየቅ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ሌላ ሌላ መልስ ይሰጥ ነበር። በቤይሩት ሳለ የጐጃም ሰው መሆኑን አንድ ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም፤ ጥርጣሬው የመጣው እዚህ ከገባ በኋላ ነው።

ያመጣው ሐሳብ አንድ ነበር። የመማሪያው መጽሐፍ ባቡር አይተው የማያውቁትን ልጆች ስለ ባቡር ፍጥነት ይጠይቃል፤ ልጆቹም በቄስ ትምህርት ቤት እንደ ለመዱት ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ «ስፋት ማለት ርዝመት በወርድ ሲባዛ ነው» እያሉ በዜማ ይወጡታል፤ «ስፋት ምንድን ነው?» ብሎ ሲያቋርጣቸው ያንኑ ከመጀመሪያው ጀምረው ያዜሙለታል። ስለዚህ በኅዳር ወር ከቃጫ ገመድ አስፈትሎ፣ በየአንድ ሜትሩ አንድ ቋጠሮ፣ በጠቅላላው ሃያ ቋጠሮ አስቋጠረና የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች እያንዳንዳቸው የአባታቸውን አንድ ማሳ ለክተው በወረቀት ላይ ሥለው እንዲያመጡ አዘዘ። ገበሬዎቹ ልጆቻቸው በገለባው ላይ ገመድ ሲጎትቱ አይተው ሳቁ፤ አንዳንዱም ጫፉን ይዞ አገዘ።

አርባ አንድ ወረቀት ተሰበሰበ። ቢተው ደጋግሞ ቢከለክላቸውም ልጆቹ ሁሉ በሥዕሉ አናት ላይ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው ጽፈው ነበር፤ ሌላ ዓይነት የጽሑፍ መጀመሪያ አያውቁምና። ከሁሉ የተሻለው የየኔዓለም ነበር፤ የግራዝማች ካሴ ልጅ ናት፤ ነገር ግን አንድ ጫፉ የሚጠበውን የአፋፉን ማሳ ሁለቱም ጫፉ እኩል እንደ ሆነ አራት ማዕዘን ቆጥራ ስድሳን በአርባ አባዝታ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብላለች። ቢተው በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት፤ እንዲህ ያለ ማሳ እንዴት እንደሚሰላ ከጥምቀት በኋላ ሊያስተምራት አሰበ።

ከዚያ ስሕተቱን ሠራ። ወረቀቶቹን ጠቅልሎ፣ በዚያው በቃጫ ገመድ ቁራጭ አስሮ፣ ከደብዳቤ ጋር ደብረ ማርቆስ ላሉት የትምህርት አለቆች ላከ። ደብዳቤው አንድ ተጨማሪ መምህርና መጻሕፍት ይጠይቃል፤ ልቡ የፈለገው ግን ሌላ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ ቢሆን፣ ወረቀቶቹን ገልጦ «ይህን ማን አስተማረ?» እንዲል ነበር።

በታኅሣሥ የአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወሬ በአማኑኤል ገበያ ተሰማ። ገማቾች ይመጣሉ ተባለ። በሌላ አገር ቀላድ፣ የመንግሥት የመሬት መለኪያ ገመድ፣ የተጣለበት ሰው በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ እንደ ቀረ የወይራ ማርያም ገበሬ ከአባቱ ሰምቷል፤ በኅዳር የሳቀበትን ገመድ በጥር አስታወሰው።

እኩለ ቀን ላይ የኔታ ወልደ ሚካኤል ወደ ባዶው ትምህርት ቤት መጡ። ሃምሳ ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ፊደል ያስቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ግማሾቹ ተማሪዎቻቸው ወደ ቢተው በሄዱ ጊዜ ስድስት ወር ሙሉ ሰላምታ ነስተውት ነበር።

«ቸርኬህ ዛሬ ደኅና ጮኸ» አሉ፣ በደጃፉ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ።

«የሚሰማው ጠፋ እንጂ፣ የኔታ።»

«ሁሉም ሰምቶሃል። በጥምቀት ዕለት ታቦቱ ከወንዙ ሳይነሣ ተማማሉ። ልጁን ወደ ቀላድ ጣዩ የላከ፣ ለቀላድ ጣዩ እሳት ያጫረ ከማኅበር ይውጣ ብለዋል።»

«ቀላድ ጣይ? እኔ?»

«ታዲያ እኔ ነኝ ሃያ ቋጠሮ ይዤ በሰው ርስት ላይ የዞርሁት? እኔ ልጆቹን በአለንጋ ስለካ ስኖር አንድም ሰው አልተቀየመኝም!» ሽማግሌው በራሳቸው ቀልድ ሳቁና ወዲያው ተዉት። «ስማኝ። ግራዝማች ካሴን ለምኜልሃለሁ። በአስተርእዮ ማርያም ቅዳሴው ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመህ ‘የመሬታችሁን ልክ ለማንም አልሰጠሁም’ ብለህ ትምላለህ። ከማልህ ልጆቹ በማግሥቱ ይመጣሉ።»

ቢተው ጣቱ ላይ የቀረውን ጠመኔ አሸ።

«ካልማልሁስ?»

«ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ ባዶ ክፍል ያያል፤ ትምህርት ቤቱን ይዘጋል። ልጆቹ ወደ እኔ ይመለሳሉ።» የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር» አሉና ወረዱ።

ቢተው በቤይሩት ሳለ መሐላ ከሚፈሩ ሰዎች ወገን እንዳልሆነ ለጓደኞቹ ሲናገር ኖሯል፤ ስለዚህ በሐሰት መማል ሊቀልለው ይገባ ነበር። ሦስት ቀን ለራሱ እንዲህ ሲል ከረመ፤ በአራተኛው ቀን እህል የጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ ደብረ ማርቆስ ገባ።

የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ተቀባይ ጸሐፊ አቶ ደርቤ የሚባል ሳቂታ ሰው ነበር። ጉዳዩን ሰምቶ ከጠረጴዛው ሥር የእንጨት ሣጥን ጎተተ፤ ሲያገላብጥ ቆይቶ ጥቅሉን አወጣና አቧራውን እፍ አለበት። የቃጫው ቋጠሮ ቢተው እንዳሰረው ነበር።

«አልተከፈተም?»

«ወንድሜ፣ ከየገጠሩ የሚመጣውን ሁሉ ከፍቼ ላንብብ ብል ጡረታዬ ሣጥኑ ውስጥ ያገኘኛል። ምንድን ነው?»

«የተማሪዎች ሥራ ነው። መልሰህ ስጠኝ።»

«በመዝገብ የገባ ነገር አይወጣም፤ የመዝገቡ ሕግ ነው።» ደርቤ የቢተውን ፊት ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ላንተ ብዬ ልንገርህ፤ መዝገብ ላይ ገና አላገባሁትም። ይዘኸው ሂድ፤ ከወይራ ማርያም የደረሰ የለም ብዬ እጽፋለሁ።»

ቢተው ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ወጣ። በመንገዱ ዳር ቆሞ እንደ ተረፈ ሰው ደስ እንዲለው ጠበቀ፤ ደስ አላለውም። ያ ሁሉ የልጆች ድካም ማንንም አላስፈራም፤ ማንንም አላስደነቀም።

ጥር ፳፩ ቀን ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ተሰበሰበ። ግራዝማች ካሴ በርኖሳቸውን ደርበው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ የኔታ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። አሁን ቢተው ቢምል የሚያጋልጠው ሰው አልነበረም፤ ልኩ በብብቱ ነው፤ ያነበበው የለም።

«የምትምለውን ታውቃለህ፣ መምህር» አሉ ግራዝማች።

«አውቃለሁ፣ ግራዝማች። ነገር ግን አልምልም።»

ጉርምርምታ ተነሣ፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልኩን ወደ ደብረ ማርቆስ ልኬው ነበር። ለግብር ብዬ አይደለም፤ ልጆቹ የሠሩትን እንዲያዩልኝ ብዬ ነው። ሳይከፍቱት ተቀምጦ አገኘሁት፤ ይኸው አመጣሁት።» ጥቅሉን በግራዝማች እግር ሥር አኖረው።

«እንኳን የእኛን መሬት፣ የእሱንም ደብዳቤ የሚያይለት አጥቷል!» አለ ከኋላ የቆመ ጎልማሳ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

ግራዝማች ካሴ አልሳቁም። «አምኜሃለሁ» አሉ። «ብትምል ማን ያውቅብህ ነበር? አምኜሃለሁ። ወረቀቱን መለስህልን። በልጆቹ ራስ ውስጥ ያስቀመጥኸውንስ በምን ትመልሰዋለህ? የኔዓለም ‘አባባ፣ የአፋፉ ማሳ ሁለት ሺህ አራት መቶ ካሬ ሜትር ነው’ ትለኛለች። እኔን አባቴ ያወረሰኝ አንድ ጥማድ ብሎ ነው። ገማቹ መጥቶ ቢጠይቀኝ አላውቅም እለዋለሁ፤ እውነቴን ነው። እሷን ቢጠይቃትስ? ልጄን ውሸት ላስጠናት?»

ቢተው አፉን ከፈተ። ቁጥሩ ስሕተት ነው፣ ሊል ነበር። መልሶ ዋጠው።

ጎልማሳው ወረቀቶቹን ለማቃጠል ከጧፍ ላይ እሳት ለኩሶ መጣ። የኔታ ወልደ ሚካኤል ጎንበስ ብለው ቃጫውን ፈቱና የመጀመሪያውን ወረቀት ወደ ብርሃን አነሡ፤ አናቱ ላይ ያለውን አነበቡ፤ ሁለተኛውንም፤ ሦስተኛውንም።

«ስመ ሥላሴ የተጻፈበት አይቃጠልም» አሉ። «የእኔ ልጆች ናቸው የጻፉት። ዕቃ ቤት ይግባ።»

ግራዝማች ጥቂት አስበው ፈቀዱ። ፍርዱም አጭር ነበር፤ መምህሩን ማንም እንዳይነካው፤ ልጅም እንዳይሄድለት።

ቢተው እስከ መጋቢት በየማለዳው ቸርኬውን መታ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ደግ ቃልም እንዲሁ፤ ክብሪቱ ያለቀ ዕለት አማኑኤል ድረስ በእግሩ ሄዶ ገዝቶ ይመጣ ነበር፤ እሳት የሚያጭርለት ቤት አልነበረምና። በጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀኑን መጻፍ መቼ እንደ ተወ አያስታውስም። ብዙ ጊዜ የሚያስበው አንድ ነገር ነበር፤ የተሳሳትሁት ወረቀቱን የላክሁ ጊዜ ነው፣ የመለስሁ ጊዜ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ያስለካሁ ጊዜ? አንዱን በያዘ ቁጥር ሌላው ያመልጠው ነበር።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ባዶውን ክፍል አይቶ በሄደ በሳምንቱ ቢተው ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ መንገዱ ወረደ። በአፋፉ ማሳ ዳር ሲያልፍ የኔዓለም የማገዶ ሸክሟን አዝላ ከፊት ለፊቱ መጣች። አልቆመችም፤ ቀናም አላለች።

«መምህር» አለች ወደ መሬት እያየች፤ «ሁለት ሺህ አንድ መቶ ነው። አንዱ ጫፉ ሠላሳ ብቻ ነው፤ በእርምጃዬ መልሼ ለካሁት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ለሁለት ቆርጬ አሰላሁት።»

እስኪገባው ድረስ አልፋው ነበር። «ልክ ነው» አለ ቢተው፤ መንገዱ ግን ባዶ ነበር።

ያን ዓመት ጐጃም ተነሣ፤ ከሞጣና ከቢቸና የተሰማው ተኩስ ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ተዛመተ፤ በክረምቱ የመንግሥት የጦር አውሮፕላን መጣ፤ በኋላም ውዝፉ ግብር ተሰረዘ፤ ገማቾቹም ቀሩ። ስለዚህ ነገር የጻፉ ሰዎች የጐጃም ገበሬ መሬቱን አላስለካም ብለው ጻፉ፤ በብዙው እውነት ነው። ስለ ወይራ ማርያም ትምህርት ቤት በመዝገብ የተጻፈው ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ በታኅሣሥ የደረሰ የለም ይላል፤ ሌላው ተማሪ በመታጣቱ ተዘጋ ይላል። መምህሩ በሌላ ጠቅላይ ግዛት እስኪሸመግል ድረስ አስተማረ፤ ገመድ ግን አላስፈተለም።

አርባ አንዱ ማሳ በአጥቢያው ዕቃ ቤት፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ሥር ተቀመጠ። በአንደኛው ወረቀት ላይ የመምህሩ ቀይ ምልክት አለ፤ ትክክለኛው መልስ ግን በየትም አልተጻፈም።