የጎበዜ ጌታ አሟሟት

የፖሊሱ መቶ አለቃ ዳኘ በቅሎውን ከዳገቱ ሥር ሲያስር ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከሆሳዕና ወደ ሀቢቾ የሚወጣው መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ላንድሮቨር አፍንጫውን ወደ ላይ እንዳቀና ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ከኋላ ጎማው ሥር የመኪናው ባለቤት ሽብሩ በደረቱ ተደፍቷል። ወይ ነዶ! ገና የሠላሳ ዓመት ሰው።

«የመካኒኩ የኑሪ ሥራ ነው!» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ጴጥሮስ፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። «ትናንት ገበያ መሀል ‹በዚህ መኪና ትሞታለህ› ሲለው አገር ሰምቷል!»

ኑሪ የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። የሟቹ ዘመድ አዝማድ ዱላውን ጨብጧል። እውነቱ ቶሎ ካልወጣ ይህ ሰው ማታን አያያትም።

«ብዬዋለሁ ጌታዬ» አለ ኑሪ። «የእጅ ፍሬኑ አይዝም፤ ሳይሠራ አትውጣ ነው ያልኩት። መች ይሰማል! ሽብሩ ከወንበሩ የማይነሳ ጸሐፊ ነበር። አንድ ክረምት ለሥራ ሀደሮ ድረስ በጭቃ በመኪና ተጉዞ መጣ፤ አበቃ፣ ልክፍት ሆነበት። ጥርጊያውን ትቶ ወንዝ ለወንዝ ነው። ጭቃ ሲያይ ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው።»

ለዳኘ መኪና ማለት ሣር የማይበላ ችግር ነው። ቢሆንም የሹፌሩን በር ከፈተ። ወንበሩ ላይ ጋቢ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ መሀሉ ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል። ሬሳውን ዞሮ አየ። ሽብሩ ሎጋ ነው፤ ኑሪም ከእሱ አያንስም።

ከዳገቱ አጠገብ የሚኖሩት እማማ እታለም ተጠሩ።

«ምን ሰሙ እማማ?»

«ጩኸት ነዋ ልጄ! ‹ተይ! ተይ!› አለ። ከዚያ ጭጭ።»

«መኪናዋን ሲለምን ነው» አለ ጴጥሮስ። «ሹፌር መኪናውን እንደ ሴት አይደል የሚያናግር?»

ዳኘ ወደ ኑሪ ዞረ። «ሽብሩ ምን ብሎ ነበር የሚጠራት?»

«የሚጠራው ይበሉ! ስሙ ጎበዜ ነው። ‹በል አንተ፣ እንዳታሳፍረኝ› ይለዋል። አንቺ ያልነው እንደሆነ ይቆጣ ነበር።»

ዳኘ ኑሪንና ጴጥሮስን አስከትሎ ለቅሶ ቤት ገባ። የሽብሩ ሚስት ጣቢታ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ የዳምቦያ ልጅ ናት፣ አጭርና ቀጭን።

«እህቴ፣ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«አሞኝ ተኝቼ ነበር።»

«ከባልሽ ጋር በምን ቋንቋ ነበር የምታወሩት?»

«በአማርኛ። እሱ ሀዲያ፣ እኔ ከምባታ፤ በምን እንግባባ?»

ዳኘ ሁሉንም አገጣጠመ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ ጀመረ። «ጋቢ አጥፎ የነዳው አጭር ሰው ነው። ኑሪ ያለ ጋቢም ራሱ ጣራ ይነካል። ሽብሩ የጮኸው በአማርኛ ነው፤ ለኑሪ ቢሆን፣ እሱም ሀዲያ ነውና፣ በሀዲይኛ በጮኸ። ለመኪናው ቢሆን ‹ተው› ባለ። ‹ተይ› የተባለችው ሴት ናት። በአማርኛ የምትግባባው፣ ቁመቷ መሪው ላይ የማይደርስ ሴት።»

ጴጥሮስ ብድግ ሲል ዳኘ መሀል ገባ።

«እኔ ነኝ» አለች ጣቢታ። «መጀመሪያ አብሬው ስሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። አንድ ቀን ወንዝ ገብተን ማዶ ስንወጣ ሳቄ መጣ፤ ማቆም አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ቤት መቀመጥ አስጠላኝ። መንዳት አስተምረኝ አልኩት። ሴት ነዳች እንዳይባል በጎህ ነበር የምንወጣው።»

«ዛሬስ?»

«ጎማው ተቀበረ። ‹ፍሬን ይዘሽ ተቀመጪ፣ ድንጋይ ልደግፍበት› ብሎኝ ከኋላ ተንበረከከ። እኔ ቸኮልኩ፤ በሌላው እግሬ ነዳጅ ነካሁ። ‹ተይ!› አለኝ። ነዳጁን ማለቱ ነው። እኔ ደንግጬ ሁሉንም ተውኩት። ፍሬኑንም ተውኩት።»

እናቶች ደረታቸውን ደቁ።

«ጠራሁት፤ ዝም አለኝ። ገደለችው ትሉኛላችሁ ብዬ ሮጥኩ። ኑሪ ሲታሰርም አልተናገርኩም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ዳኘ የኑሪን ገመድ በገዛ እጁ ፈታ። ጴጥሮስ ወደ ጣቢታ ዞረ።

«ይስቅ ነበር?» አላት።

«ማን ጋሼ?»

«ወንድሜ። ከመኪናው ሲወርድ ይስቅ ነበር?»

«ይስቅ ነበር። ጭቃው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይስቅ ነበር። ጋሼ፣ አሁንም እኮ መንገዱ ያምረኛል። ምን ዓይነት ጉድ ነኝ?»

ጴጥሮስ ዱላውን አስቀምጦ አጠገቧ ተቀመጠና አብሯት አለቀሰ።