ፍሬን የሌለበት ወንበር

«ይቺን መኪና የነዳት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሻጩ በስልክ እንዲህ አለ። በር ላይ እንዲህ አለ። እጄን ሲጨብጥም እንዲህ አለ። ከእሱ በፊት ደግሞ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ሁሉ ይህችኑ ወሬ እየተቀባበሉ ከርመዋል።

የምጽፈው በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። «ውሸት ነው» የምትሉ መንገዱ ክፍት ነው፤ እመኑኝ ብዬ ማንንም አልለምንም።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው... ፀሐይ አናት ላይ... ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለ፣ ጥላ የሚባል ነገር የሌለው የሲሚንቶ ግቢ።

እኔ መካኒክ ነኝ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ሞተር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አልነሳ ሲለኝ ተሳድቤ እንደገና ፈትቼ ነው ያወቅሁት። ይህ ሁሉ የሆነው አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው። የምንኖረውም እዚያው ጋራዡ ላይ ባለችው ክፍል ነው።

ያንን ጋራዥ ነው በዚች መኪና ሊለውጠው የተነሳው።

«ለገበያ ያልወጣች ናት» ይለኛል ዓይኑ እየበራ። «ፋብሪካው ለሙከራ ብሎ የሠራት። እህቶቿን ሁሉ ጨፍልቀዋቸዋል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ገባሽ?»

«ገባኝ ጋሼ። ቤታችንን እንደምትበላ ገባኝ።»

«ምላስሽን ሰብስቢና እያት። ይቅርብህ ካልሽኝ ይቀርብኛል።»

እንዲህ ብሎ ነው ይዞኝ የሄደው።

ሻጩ እኔን አልፎ ወደ አጎቴ አየ። «መካኒክ ይዤ እመጣለሁ ብለውኝ ነበር።»

«መጥቻለሁ» አልኩት።

«አንቺ?»

«ጥፍሬን ማየት ትፈልጋለህ ወይስ ኮፈኑን ትከፍታለህ?»

ሳቀ። «እሺ ኢንጂነር!» አለና... ወደ ታች አየ። ቀኝ እግሬን።

«ጫማሽ ስንት ቁጥር ነው?»

«ምን አገባህ?»

መኪናዋ የተሸፈነችበትን ሸራ ገፈፈው።

ዝቅ ያለች፣ ሰፊ፣ ግራጫ መኪና። እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። በዚያ ፀሐይ ሲሚንቶው በጫማዬ ውስጥ ያቃጥለኛል... ኮፈኑ ግን ቀዝቃዛ ነበር።

ሥራዬን ጀመርኩ። ብየዳው በእጅ የተሠራ። ሞተሩ ሌላ ቦታ አይቼው የማላውቀው። እውነቱን ልናገር፣ ምራቄን ዋጥኩ። ትክክለኛዋ ናት።

ከዚያ ተንበርክኬ መርገጫዎቹን አየሁ።

የነዳጅ መስጫው ጎማ ተበልቶ ልሙጥ ሆኗል። የዓመታት ሥራ ነው።

የፍሬኑ ጎማ ግን... አዲስ። እንደተሠራበት ቀን።

«ይሄ ሰውዬ ፍሬን አይዝም ነበር እንዴ?»

«ጀግና ነበራ» አለ ሻጩ። አልሳቀም።

በሌላው በኩል ዞርኩ። ከሹፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ምንጣፍ አነሳሁ።

የወለሉ ላሜራ ጎድጉዷል።

ተረከዝ... የእግር ፊት... ቀኝ እግር። ታሽቶ ታሽቶ ያብረቀርቃል። ልክ ፍሬን ቢኖር ኖሮ በሚሆንበት ቦታ።

«መሪው ከዚህ ወደዚያ ተዛውሯል!» አልኩ። መሪዋ የተዛወረ መኪና ለሰብሳቢ ቆርቆሮ ናት። ደስ አለኝ። ጋራዡ ተረፈ።

«አልተዛወረም።»

«አፍህን ዝጋና ልይ።»

ቀዳዳ ፈለግሁ። የብየዳ ጠባሳ ፈለግሁ። የለም። እዚያ በኩል ምንም ነገር ተገጥሞ አያውቅም።

አጎቴ ትዕግሥቱ አለቀ። «አልተዛወረማ! ልንዳት።»

«ጋሼ፣ ተው...» አልኩት በሹክሹክታ። «ደስ አላለኝም።»

«መካኒክ ነሽ ወይስ ጠንቋይ?»

«ኢንጂነሯም ትግባ» አለ ሻጩ ቶሎ ብሎ። «ያለ እሷ ቁልፍ አልሰጥም።»

እኔ መኪና ሲሞከር መርገጫዎቹን ጠመኔ እቀባለሁ። ሹፌር ይዋሻል፤ የረገጠውን ጫማው ይናገራል። ሁለቱንም ቀባሁና ከአጎቴ ጎን ገባሁ። ብቻውን አልተወውም።

ሻጩ በሩን ዘጋብኝ። ቀስ ብሎ። ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው።

ከመጋዘኖቹ ጀርባ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። መጨረሻው ግንብ ነው። አጎቴ ነዳጅ ሰጣት... መኪናዋ ወረወረችን።

«ጋሼ፣ ይበቃል።»

ሞተሩ ይበልጥ ጮኸ።

«ጋሼ! ግንቡ!»

«እግሬ...» አለ በቀጭን ድምፅ። «እግሬ አልነሳ አለኝ...»

ጎን የተቀመጠ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። በሌለ ፍሬን ላይ እግሬን ተከልኩ።

ጫማዬ ጉድጓዱ ውስጥ ልክክ አለ።

ከዚያ... በእግሬ ላይ ሌላ እግር አረፈ።

አላየሁትም። ባዶ እግር መሆኑን ግን አውቄአለሁ። ጣቶቹ ሲጨብጡኝ ተሰምቶኛል። እግሬን አጥብቆ ወደ ታች ገፋው... መኪናዋም ግንቡ ሥር ቀጥ አለች።

ሸክሙ ከላዬ ተነሳ። እንደ ሰው «እፎይ» የሚል ትንፋሽ አንገቴ ላይ አለፈ።

«አየሽ ፍሬኗን?» አጎቴ ሳቀ። «አየሽ እንዴት እንደያዝኳት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፍሬኑ ላይ የቀባሁት ጠመኔ አልተነካም።

«አልያዝክም ጋሼ። ጫማህን ገልብጠህ እየው። ይቅርብህ፤ አትግዛት።»

ጫማውን አላየም። «ጋራዡን ፈልገሽ ነው» አለኝ። «ከሞትኩ በኋላ የሚቀርልሽን ነው የምትቆጥሪው።»

ይህን አጎቴ ነው ያለኝ። ያው ያሳደገኝ። ከሰዓት በኋላ ፈረመ።

በማግስቱ ብቻውን ይዟት ወጣ። እኔ ጋራዡ ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጬ መፍቻዎቼን እለቅማለሁ፤ ልንወጣ ነዋ።

ቀኝ እግሬ በራሱ ወለሉን ረገጠ።

ላነሳው ታገልኩ። ትንሽ ከፍ አለልኝ... ከዋናው መንገድ ጡሩምባ ጮኸ፣ ጎማ ተፋጨ፣ ሰው «ኧረ!» አለ። ደንግጬ መልሼ ረገጥኩ።

ጸጥ አለ።

ለሻጩ ደወልኩ። ከጀርባው የነጠላ ጫማ ድምፅ ይሰማል። አንድ ሰው ወዲያ ወዲህ ይላል።

«እግርሽ ጀመረ?» አለኝ።

«ምን አደረግኸኝ?»

«የምትሰሚያት እናቴ ናት። ትናንት በስድስት ሰዓት ከወንበሯ ተነሳች። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ መኪናዋን ሰው ገፍቶ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ወለሉን ስትረግጥ ነው የኖረችው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሻለሁ። የነዳት አባቴ ብቻ ነው። ፍሬን የያዘችለት እሷ ናት።»

«ሁልጊዜ... አብራው ትሄድ ነበር?»

ነጠላ ጫማው ቆመ። አንዲት ሴት ስልኩ አጠገብ ቀስ ብላ ሳቀች።

«አይ» አለኝ ሻጩ። «እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠችው አንድ ቀን ብቻ ነው።»