የሌለችው በሽተኛ አድራሻ

ወዳጄ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ሲመጣ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው "ማን አየ? ስንት ሰዓት ላይ?" ብዬ ነው፣ ሃያ ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ ጅንም መንፈስም ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ አምኜበት ሳይሆን ስላየሁት ነው፣ ሰዓቱም ከቀኑ አሥር ነበር፣ ፀሐይዋም ደምቃለች።

ነገሩን ያመጣው አንድ የሕክምና ተማሪ ነው፣ ናትናኤል ልበለው። ተማሪዎቹ በሽተኛ አነጋግረው፣ መርምረው፣ ታሪኩን ጽፈው ለአስተማሪ ያስረክባሉ፣ ማርክም የሚያዘው በዚያ ነው፣ እሱ ግን የታማሚዎች ክፍል ሳይገባ አንዲት ሴት ከጭንቅላቱ ፈጥሮ ጻፈ። ስሟ ሶፊያ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ሳምቡሳ ሻጭ፣ ግራ ክንዷ ላይ የዘይት ጠባሳ ያለባት፣ በሁለት ትራስ የምትተኛ፣ ሳሏ ሁለት አጭር አንድ ረጅም፣ በሽታዋ የልብ ቫልቭ ጥበት።

"ከባድ በሽታ ለምን ሰጠሃት?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ጉንፋን ማርክ አያመጣም።"

ከክፍሉ አንደኛ ወጣበት። በሚቀጥለው ወር ግን ኢንተርን ሆኖ እውነተኛ ሰው ሊያክም ነው፣ አንድም ቀን የሰው ልብ በወጉ አዳምጦ አያውቅም፣ ለአስተማሪው እንዳይናገር መባረር አለ፣ ዝም እንዳይል እንቅልፍ አጥቷል፣ "ስሜን ሳይጠቅሱ ይጻፉልኝ" ብሎ ነው እኔ ጋ የመጣው።

"አድራሻ ጽፈሃል?"

"አየር ጤና። የቤት ቁጥሩን ከተማሪ መታወቂያ ቁጥሬ መጨረሻ ላይ ነው የወሰድኩት።"

"እንሂድ።"

"ጋሼ ደግሞ! የሌለች ሴት ፍለጋ?"

በእኛ ሥራ "የለም" የሚለውም ይጣራል።

ፌርማታው ላይ ወርደን፣ ጋራዦቹን አልፈን፣ ወደ አንድ የኮብልስቶን መንገድ ታጠፍን፣ ቁጥሩ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ላይ ተጽፏል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከውስጥ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ፣ ከዚያ ሳል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ናትናኤል እጅጌዬን ያዘኝ። እመነኝ፣ እኔ አልደነገጥኩም፣ ሰፈሩ አቧራ ነው፣ ሰው ይስላል ብዬ አንኳኳሁ።

የከፈቱልን ሴትዮ እጅጌያቸውን ጠቅልለዋል፣ ግራ ክንዳቸው ላይ ጠባሳ አለ። እኔን አልፈው እሱን አዩት።

"አንተ! ሰኞ እመለሳለሁ ብለህ በዚያው ቀረህ?"

"እማማ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብዎት ነው።"

"ወላሂ አልተምታታብኝም! እናቴ በምን እንደሞተች ሳይቀር ስትጠይቀኝ ውለህ? ያንን የጆሮህን ነገር ግን አንገትህ ላይ እንዳንጠለጠልከው ሄድክ፣ አንዴ እንኳ ደረቴን ሳትሰማ።"

እንደ ልማዴ ስማቸውን ጠየቅኩ። ሶፊያ አሉኝ። ከኋላቸው አልጋው ላይ ሁለት ትራስ ተደራርቧል።

ናትናኤል ማዳመጫውን ከቦርሳው አወጣ፣ ደረታቸው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፣ በጣም ቆየ።

"አለ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የጻፍኩት ድምፅ አለ።"

"ምን ብለህ ነው የጻፍከኝ?" አሉ ሴትዮዋ። "ከባድ ነው?"

"ነገ ጠዋት አስተማሪዬ ጋ እወስድዎታለሁ" አለ። "እንዴት አወቅህ ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ።"

ወሰዳቸው፣ ለአስተማሪውም ሁሉንም ነገረ። ሴትዮዋ ሕክምና ጀምረዋል፣ እሱ ከትምህርት ታግዷል። እኔ ማጣራቴን ቀጠልኩ፣ ወረቀቱ ላይ በሽተኛዋን አነጋገርኩ ብሎ በጻፈው ቀን ዶርም ውስጥ ኳስ ሲያይ እንደዋለ ሦስት ሰዎች ነገሩኝ፣ የሴትዮዋ ጎረቤቶች ደግሞ በዚያው ቀን ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ ሲገባ አይተናል አሉ። ሁለቱም ማስታወሻዬ ላይ አሉ፣ አንዱንም መሰረዝ አልቻልኩም።

አንድ ነገር ይቀራል። አራት ጓደኞቹ ያንን ወረቀት ገልብጠውት ነበር፣ ስምና አድራሻ ብቻ ቀይረው፣ አድራሻዎቹን ሰጥቶኛል። አንደኛው ዘነበወርቅ ነው፣ ከእኔ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ። በየቀኑ አጠገቡ አልፋለሁ፣ ማን እንደሚኖርበት የማወቅ ጉጉት ይበላኛል፣ ቆሜ እጄን አነሳለሁ፣ ያኔ ከውስጥ ነጠላ ጫማ ሲጎተት የሰማሁ ይመስለኛል።

እስካሁን አላንኳኳሁም።