ቀዩን ኮርስ ማን መረጠው

«ይህን ብስክሌት የመረጠልሽ ማን ነው?»

እማማ ሞልቱ እንዲህ ብለው የጠየቁኝ ሆስፒታል ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። የሟቹ ባለቤቴ የዲንሳ እናት ናቸው። ከበሩ ወዲያ የአምስት ዓመት ልጄ ሲና ክንዷ በጄሶ እየታሸገ ትጮሃለች።

«ንገሪኝ። ራስሽ ከሆንሽ ልጅቷን ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ የማሳድጋት።»

መልሱን አውቀው ነበር። አንድ ቃል ነው። ግን ከአፌ አልወጣም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ቤታችን ለቡ ነው፤ የዲንሳ ቤተሰብ እርሻው ለከተማ ሲወሰድበት በተረፈው ግቢ ውስጥ። ዲንሳ ፎቅ ሲሠራ ወድቆ ከሞተ በኋላም ከዚያ አልወጣሁም። የምሠራው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ፣ አንድ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በሩ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ተዘግቶብኛል። ሦስተኛው ስንብት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከጎልማሶች ትምህርት ስወጣ፣ ደብተሬን በብብቴ እንደያዝኩ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ በር ላይ ቆምኩ።

«ግቢ እህቴ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሚ» አለኝ። እጁ እስከ ክርኑ በዘይት ጠቁሯል። ኤልያቄም ይባላል፤ የሆሳዕና ልጅ ነው።

«ብስክሌት ፈልጌ ነበር።»

«ለልጅሽ?»

«ለእኔ።»

አልሳቀም። መጀመሪያ የወደድኩለት ይህንን ነው።

ሁለት ብስክሌቶች አወጣ፤ አንዷ ግራጫ፣ አንዱ ቀይ።

«ይቺ ሃይብሪድ ናት። የኮርስና የማውንቴን፣ የተራራው ብስክሌት፣ ልጅ በያት። ጎማዋ ወፈር ይላል፣ መሪዋ ቀጥ ያለ ነው። ቀና ብለሽ መንገዱን እያየሽ ትነጃለሽ፤ ከኋላም መጫኛ ይገጠምላታል። ቀዩ ኮርስ ነው፣ የውድድር። እኔ ነበርኩ የምወዳደርበት። ጎማው እንደ ጣቴ ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የተጠመዘዘ፤ ተደፍተሽ ነው የምትነጂው። ለጀማሪ ሃይብሪድ ይሻላል።»

«ፈጣኑ የቱ ነው?»

«ኮርሱ።»

«እንግዲያው ኮርሱን።»

«ኧረ ባክሽ! ለመሆኑ ፔዳል ረግጠሽ ታውቂያለሽ?»

«የስፌት መኪና ፔዳል።»

ያኔ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ያወቅኩት የዚያን ዕለት ነው።

እሑድ እሑድ እሱ ከጸሎት ቤቱ ሲወጣ፣ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አንድ አስፋልት ላይ ያለማምደኝ ጀመር። በሃይብሪዷ ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል።

«ይዘኸኛል?»

«ይዤሻለሁ!»

በሦስተኛው እሑድ ይህንኑ ስጠይቀው ድምፁ ከሩቅ መጣ። ዞር ስል ሁለት እጁን አንጠልጥሎ መንገዱ መሀል ቆሟል። ወዲያው ወደቅኩ። ሮጦ መጣና አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ከመዳፌ ጠጠር ይለቅም ጀመር። ጠጠሩ ካለቀ በኋላም እጄ እጁ ውስጥ ነበር፤ ሁለታችንም እሱኑ እናያለን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ካቴናውን ዘይት እየቀባ፣ ቀና ሳይል፣

«ሽማግሌ ልልክ ነው» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወደ እማማ ሞልቱ ነዋ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጋሽ ኢፋንና አቶ ወጋየሁን አናግሬያለሁ።»

«እኔን ሳትጠይቅ?»

«ይኸው እየጠየቅኩሽ አይደል?»

ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። «ሲናን ይነጥቁኛል፣ ኤልያቄም። የልጄ ዘር ናት፣ ከግቢዬ አትወጣም ነው የሚሉት። አንተ ደግሞ ጴንጤ ነህ።»

«ጴንጤ ሽማግሌ አይልክም ያለሽ ማን ነው?»

«አትቀልድ። እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ታገሠኝ።»

«እታገሣለሁ» አለ።

ብስክሌት ወደ ቤት ይዤ የምሄድበት ቀን ሲደርስ ሃይብሪዷን አቀረበልኝ። እኔ ቀዩን አየሁ።

«ለእኔ ዘገምተኛዋ ናት የምትገባኝ?»

«እንደዚያ አልወጣኝም። እናት ነሽ ነው ያልኩት።»

ቃሉ ወጋኝ። እናት መሆኔን ሁሉም ይነግረኛል፤ ሰፈሩም፣ እማማም፣ የራሴ ጭንቀትም። አንድ ጊዜ እንኳ ፈጥኜ ማለፍ አማረኝ። እሱ በተቀመጠበት ላይ መቀመጥም አምሮኝ ነበር፤ ይህን አልነገርኩትም።

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ቀዩን ወደ እኔ ገፋው። «አንድ ሳምንት ሞክሪው። እስከዚያ ሃይብሪዷ ላይ የሲናን መቀመጫ አስበይዳለሁ። ልጅ ግን እንዳትይዢበት።»

«እሺ።»

«አያንቱ፣ ምንም ቢሆን!»

«አልይዝም አልኩህ እኮ!»

ሐሙስ ወሩ በገባ በአምስት ነበር። እማማ ገና ሳይነጋ መካኒሳ አቦ ሄደዋል። ሲናን የምትጠብቅልኝ ጎረቤቴ ናፍቆት ትኩሳት ይዟት መነሳት አቃታት። የፋብሪካው በር ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀርቷል። ልጄን በነጠላ አዘልኳት፤ ከተወለደች ጀምሮ እንደማዝላት። በእግሬ ስሄድ ከጀርባዬ አንድም ቀን ወድቃ አታውቅም። ፋብሪካው በር ካለችው ሻይ ሻጭ ጋር አቆያታለሁ ብዬ ነበር።

ኮርስ ግን ያስደፋል። ስደፋ የሲና ክብደት ተንሸራቶ ማጅራቴ ላይ መጣ፤ አንገቴን ማቅናት አቃተኝ። የማየው የፊት ጎማውን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የጎርፍ መውረጃው የብረት ክዳን ክፍተቶቹ ወደ መንገዱ አቅጣጫ የተሰነጠቁ ናቸው። ቀጭኑ ጎማ እዚያ ውስጥ ገባ። የሃይብሪዷ ቢሆን በላዩ ያልፍ ነበር።

የክንዷ አጥንት ሲሰበር ሰምቼዋለሁ።

እንግዲህ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ እማማ ጥያቄያቸውን ጠይቀው ፊቴን ሲያዩ፣ ኤልያቄም እያለከለከ ደረሰ። እሳቸውን አየ። እኔን አየ። እማማ «ማን ነው የመረጠልሽ?» ብለው ሲደግሙብኝ ሰማ።

«እኔ ነኝ እማማ። እኔ ነኝ የመረጥኩላት። ልጅም ያዢበት ያልኳት እኔ ነኝ።»

አፌን ስከፍት ራሱን በትንሹ ነቀነቀብኝ። ዘጋሁት።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎች ግቢያችን ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጋሽ ኢፋና አቶ ወጋየሁ ነበሩ። እኔን ለእሱ ሊጠይቁ ልብሳቸውን ያዘጋጁ ሰዎች፣ እሱን ሊዳኙ መጡ። ኤልያቄም ቆሞ የተባለውን ሁሉ ሰማ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጉልበት ሳመ። ሱቁን ዘግቶ ከአካባቢው እንዲርቅ፣ ሁለተኛ ግቢያችንን እንዳይረግጥ ተፈረደበት።

«ተቀብያለሁ» አለ።

ጋሽ ኢፋ ወደ እኔ ዞሩ። «አያንቱ፣ የምትጨምሪው አለ?»

ሲና ጭኔ ላይ ናት። በጄሶ የታሸገው ክንዷ ደረቴን ይነካል። ኤልያቄም መሬት መሬት ያያል።

«የለኝም» አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ሃይብሪዷ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ከኋላዋ የልጅ መቀመጫ ተበይዷል፤ ስፖንጅና ሰማያዊ ጨርቅ አለው። መሪው ላይ ወረቀት ታስሯል። ፊደል በፊደል አነበብኩት።

«ጎማውን በየሳምንቱ አስነፊ። ዝናብ ሲሆን ፍሬኑን ቀስ አድርገሽ ያዢ። የሲናን ቀበቶ ሳታስሪ አትነሺ።»

ጀርባውን ገልብጬ አየሁ። ሌላ ቃል የለበትም። ሰው ጽፎልኝ በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው።

ሱቁ ተዘግቷል። ስልኩ አይሠራም። አንዱ ሐዋሳ ነው ይላል፣ ሌላው አዳማ።

ውሸቱን ሁለት ወር ተሸክሜው ከረምኩ። አንድ ቀን ከእማማ ጋር ምስር ስንለቅም አልቻልኩም።

«እማማ፣ ኮርሱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ከልክሎኝ ነበር።»

ቀና አላሉም። «አውቃለሁ።»

«ምን?»

«ልጅቷ ከመውደቋ በፊት፣ ብየዳ ቤት መቀመጫ ሲያሠራ አይቼዋለሁ። ለማን ነው ስለው ለሲና ነው አለኝ። ለልጅ መቀመጫ የሚያሠራ ሰው መቀመጫ የሌለውን አይመርጥም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። «አንድ ልጄን ቀብሬያለሁ። አንቺ ብታገቢ ሲናም ትሄዳለች። ከእኔ ጋር ማን ይቀራል?»

ልጠላቸው ፈልጌ ነበር። ግን እኔም ዛፉ ሥር ዝም ያልኩት በዚያው ፍርሃት ነው። ሰፌዱን አነሳሁና መልቀሜን ቀጠልኩ።

የሲና ክንድ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። በየጠዋቱ ሰማያዊው መቀመጫ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ቀበቶዋን አስራለሁ፣ ቀና ብዬ እነዳለሁ። ፋብሪካው የሆስፒታሉን ወረቀት አይቶ አላሰናበተኝም፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓት አልፎብኝ አያውቅም።

«እማ፣ ይዘሽኛል?» ትለኛለች ከኋላዬ።

«ይዤሻለሁ።»

ኤልያቄም የፊት ጎማው የተጣመመውን ቀይ ኮርስ ይዞ ሄደ። እማማ፣ ሲናና እኔ ግቢው ውስጥ ቀረን።